ቁጥር ሠላሳ አንድ

ሰኞ፣ 1ኛ ቀን

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ጉልበቴ ላይ ስለምጽፍ ፊደሉ ሁሉ የዶሮ ጭረት መስሏል።

ጩጬን ዛሬ አስተኙት። እዚሁ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል፣ ከላቦራቶሪያችን ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ፣ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ውስጥ። ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው ሴራሚክ ለጣፊ ነው፤ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ ግን ለእኛ ዛሬም ጩጬ ነው።

አንድ ሳምንት ሙሉ የሰው መታጠቢያ ቤት ሲሠራ ሰነበተ። ዛሬ ጠዋት ባለቤቶቹ ሊረከቡት ሲመጡ መዶሻ አንስቶ የለጠፈውን በሙሉ አወረደው። ከሴራሚኩ ኋላ ሰዎች አሉ፣ ስሜን እየጠሩ ይስቃሉ አላቸው። ማንንም አልነካም። ራሱም ላይ አንድ ጭረት የለም። አብሮት የሚሠራው ጓደኛው ጢሞ ነው እንደምንም አባብሎ ያመጣው።

ዶክተሯ ቅጽ ይዛ መጣች። ሃያ ሁለት ጥያቄ። እሱ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ዝም ስላላት እኔ መለስኩ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት ነበረው? የለም። ሳል? የለም። የጥርስ ሕመም? የለም። ቁስል? የለም። መጠጥ? የለም። ሐሺሽ ወይም ሌላ ዕጽ? የለም። ሃያ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩላት። የላቦራቶሪ ሰው እህት ስላለችው ቀለለኝ ብላ ፈረመች።

ቅጹ የጥናት ነው። ዶክተሯ ዓመት ያለፈው ጥናት ይዛለች፦ አእምሯቸው ድንገት የታወከ ሰዎች ደም ውስጥ የብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ ምልክት ከፍ ይላል ወይ፣ ዕጽ የሚወስዱትና የማይወስዱትስ ይለያያሉ ወይ የሚል። ደሙንም ሽንቱንም የምመረምረው እኔ ነኝ። በደንቡ የሚመረምር ሰው ናሙናው የማን እንደሆነ አያውቅም፤ ቲዩቡ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። ዛሬ ግን ሲስተር ደም ሥሩን አጥታ ሁለቴ ወጋችው፤ አላስቻለኝም፣ ተቀብዬ ራሴ ቀዳሁለት። በአንድ መርፌ። ቁጥሩ ሠላሳ አንድ ነው።

ዶክተሯ ሠላሳ አንድን ባልደረባሽ ይሥራው አለችኝ። እሺ ብያታለሁ።

ማክሰኞ፣ 2ኛ ቀን

ባልደረባዬ ምሳ ወጥቶ ስለነበር ሠላሳ አንድን እኔው ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት። ቁጥር ያው ቁጥር ነው፤ እኔ ስላስገባሁት አይጨምር አይቀንስ። ሆስፒታሉ በሙሉ «ሚዛኗ» የሚለኝ በከንቱ አይደለም። አሥራ ሰባት ዓመት አንዲት ነጥብ አላዛነፍኩም።

አርባ አንድ ነጥብ ስድስት።

ደገምኩት። አርባ አንድ ነጥብ ሁለት።

ሲ-አር-ፒ ይባላል። ሰውነት የሆነ ቦታ ሲቆጣ ጉበት የሚለቀው ፕሮቲን ነው። የጤነኛ ሰው ከአምስት በታች ነው። ከሠላሳዎቹ የጥናቱ ሰዎች አብዛኞቹ ስድስት ወይም ሰባት ነበሩ። የኔው አርባ አንድ! እሰይ አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሰው በወንድሙ በሽታ እሰይ ይላል? እኔ አልኩ። የሚታይ፣ የሚለካ ነገር ነዋ! ልጁ ምንም አላደረገም ማለት ነው፤ አንጎሉ ተቆጥቶ ነው። ማንም ምንም አላደረገም።

የሽንቱ ዕቃ ክዳኑ ላልቶ ፈስሶ ነበር። ጣልኩትና ሌላ ተተካ። ሙቀቱ አይቻልም፣ ከምሳ በፊት ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ። ከሰዓት የዕጽ መመርመሪያ ስትሪፑን ነከርኩት፦ ሁለት መስመር። ሁለት መስመር ንጹሕ ማለት ነው፤ ዕጽ ካለበት ሁለተኛው መስመር አይወጣም። ቁልጭ ያሉ ሁለት መስመሮች ናቸው።

የሥራ ቦርሳውን ጢሞ እቤት ጥሎት ሄዷል። አልጋዬ ስር ገፋሁት። አልከፈትኩትም።

ዓርብ፣ 5ኛ ቀን

አውቶቡስ ላይ ጀምሬ እቤት ጨረስኩት።

ዛሬ አወቀኝ። «እትዬ» አለኝና እጄን ያዘ። ከዚያ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ መንጋጋዬ ውስጥ የሆነ ነገር ቀብረውብኛል፣ ሌሊት ሌሊት ይመታል አለኝ። ግራ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ነው የሚቀመጠው። ሲስተር እንዳለችው አፉን ለማንም አይከፍትም፤ መድኃኒቱን ራሱ በሁለት ጣቱ ከከንፈሩ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ምግብም የሚበላው በአንድ ወገን ነው። በሽታው የማያናግረው ነገር የለም።

ለእማዬ አርባ አንድን ነገርኳት። ቁጥር አይገባትም፤ ግን ከደሙ ነው ስላት ቀና አለች። ወዲያው ለጎረቤቷ በአጥር በኩል «ደሙ ተቆጥቶ ነው እንጂ ልጄስ ጨዋ ነው» ስትላት ሰማሁ። ሴትዮዋ፣ ዘንድሮ ልጆቹ የሚያጨሱት ነገር ነው አሉ እንዲህ የሚያደርገው አለቻት። እማዬ ደሟ ፈላ። «የእኔ ልጅ ሲጋራ እንኳ አይነካም። እህቱ ታውቃለች፣ የደም ሐኪም ናት።»

የደም ሐኪም አይደለሁም። ገብቼ ዕቃ አጠብኩ።

እሑድ፣ 7ኛ ቀን

ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ። ጊዜ አለኝ።

ሳምንቱን ስለ ብግነትና ስለ አእምሮ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትኩ። ግንኙነት አለ የሚል ብዙ ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ ግን መጨረሻው ላይ ያችኑ ነገር ይላል፤ ግንኙነት ምክንያት አይደለም። ዶክተሯም ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነው፦ ጃንጥላና ዝናብ አብረው ይወጣሉ፣ ዝናቡን የሚያመጣው ግን ጃንጥላው አይደለም። ይሁን። የኔ ቁጥር አርባ አንድ ነው፤ ስድስት አይደለም። አርባ አንድ የሆነ ነገር ያውቃል።

እልኸኛ ነኝ፣ አውቃለሁ። አባታችን ሲሞት ጩጬ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። እማዬ ሥራ ስትውል ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ትኩሳቱን በእጄ ጀርባ እለካ ነበር፤ ቴርሞሜትሩ ሲመጣ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ይህንንም አገኘዋለሁ።

ቦርሳው አልጋው ስር ነው። ስጠርግ መጥረጊያው ነካው።

ሐሙስ፣ 11ኛ ቀን

ቸኩያለሁ። ዶክተሯ ጠራችኝ። ደረቱን አይታለች፣ ሽንቱን አይታለች፣ ደሙን ደግማለች። አርባ አራት ሆኗል። ቅጹን ገልጣ በጣቷ ወረደች፦ ሕመም የለም፣ ቁስል የለም፣ ጥርስ የለም፣ ዕጽ የለም። «ሽንቱ ንጹሕ፣ ደሙ እንዲህ፣ ዕድሜው እንዲህ። ብግነቱ አንጎሉ ውስጥ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። ሰኞ ከወገቡ በመርፌ የአከርካሪ ፈሳሽ ይቀዱለታል። ከተገኘ ለወራት የሚወሰድ ከባድ መድኃኒት አለው። እስከዚያ የሚሰማውን ድምፅ የሚያስታግሰውን መድኃኒት ከፍ አላደርገውም አለች።

እኔ ስል የሰነበትኩት ነው። አንጎሉ ነው ስል አልነበር? ታዲያ ለምን እሰይ አላልኩም?

መርፌው ወገቡ ውስጥ እያለ ሲወራጭ ያየሁት አንድ በሽተኛ ትዝ አለኝ። አራት ሰው ነበር የያዘው።

ሐሙስ፣ እንደገና

ጢሞ የናሙና መቀበያው መስኮት ላይ መጣ። ውሃ ልኩን ፈልጎ ነው፤ ቦርሳው ውስጥ ነው፣ ያለሱ አንድ ግድግዳ ማቆም አልቻልኩም አለ። በኋላ ትወስዳለህ አልኩት። አልሄደም። እየተሽኮረመመ፣ እትዬ ዶክተሮቹ ሁሉንም ያውቃሉ አይደል አለኝ። ምኑን? «ማጨሱን። እኔም አጨሳለሁ፣ አልዋሽም። እሱ ግን ባለፈው ወር ለጥርሱ ብሎ ጠዋት ማታ ነበር። ካላጨስኩ አልተኛም ይል ነበር።»

ሰው እየጠበቀኝ ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁበት። ጢሞ ውሸታም ነው። መልኩ ያስታውቃል።

ዓርብ፣ 12ኛ ቀን

ለጥርሱ ብሎ?

ቅዳሜ፣ 13ኛ ቀን

ጠዋት እማዬ ገበያ ስትወጣ ቦርሳውን ከፈትኩት። ውሃ ልክ። መቁረጫ። የጉልበት መከለያ። አሥራ አንድ ባዶ የሕመም ማስታገሻ ካርድ፣ በላስቲክ ታስሮ። ቆጠርኩ፤ ቆጣሪ ነኝ። ከታች በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር። ሽታውን አውቀዋለሁ።

ቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። አፍህን ክፈት ብዬ አልለመንኩትም፤ ልጅ ሆኖ ሽሮፕ አልወስድ ሲለኝ እንደማደርገው ዝም ብዬ የራሴን አፍ በሰፊው ከፈትኩና ጠበቅኩ። አጠገባችን ያለው በሽተኛ «እቺ ደግሞ ዛሬ ገባች?» አለ። ሲስተር ሳቀች። ጩጬም ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቀስ እያለ ከፈተ።

ሽታው መታኝ። የግራ ታችኛው መንጋጋ፣ የመጨረሻው ጥርስ ጠቁሮ ተሰንጥቋል፤ ድዱ ወይን ፍሬ አክሎ አብጧል። ሌሊት ሌሊት ይመታል ያለኝ ይኼው። መንጋጋዬ ውስጥ አለ ብሎ ለሁላችንም ተናግሮ ነበር፤ እብድ ስለሆነ ማንም አልሰማውም። የጥርስ ሕመም? የለም። በአንድ ትንፋሽ።

አርባ አንዱ ለካ ጥርሱ ነው።

ሲስተር ለዶክተሯ ደወለች፣ ስልኩን ሰጠችኝ። ደስ አላት። ወዲያው የመግል መድኃኒት አዘዘች፤ ማክሰኞ ይነቀላል። የሰኞው መርፌ ቀረ ማለት ነው ስላት ግን አይ አለችኝ። «ጥርሱ ቁጥሩን ያስረዳል። ድምፁን አያስረዳም። ዕጽ የሚወስድ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ንጹሕ ስለሆነ መግሉ ወደ አንጎሉ ወጥቶ እንደሆነ ማየት አለብኝ።»

ንጹሕ ስለሆነ።

እሑድ፣ 14ኛ ቀን

እማዬ ከምሳ በኋላ ጋደም ብላለች። ደብተሩን ከፍቼ ካለፉት ገጾች አንዱን አነበብኩት። ማክሰኞን። እንዴት አድርጌ ነው የጻፍኩት! ለራሴ ደብተር፣ ማንም ለማያነበው፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

የሽንቱ ዕቃ አልፈሰሰም። ክዳኑ ጥብቅ ነበር። ሲስተር ያመጣችው ዕቃ ላይ ስትሪፑን ነከርኩ፣ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ፣ አንድ መስመር ወጣ። ሌላ ስትሪፕ ነከርኩ። አንድ መስመር። ከዚያ ነው ውሃውን የጠጣሁት። ሁለቱ ቁልጭ ያሉ መስመሮች የወጡት ከእኔ ሽንት ነው።

ይኸው ጻፍኩት። ሰማዩ አልወደቀም።

ሌላም አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሸሚዙን ሳጥብ ኪሱ ውስጥ ያንኑ ሐሺሽ አገኘሁ። ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። «ሁለተኛ እንዳላይ» አልኩት። ሁለተኛም አላየሁም። ያላየሁት ስላልነበረ አይደለም፤ ኪሱን መፈተሽ ስለተውኩ ነው። ልብሱን ራሱ እንዲያጥብ አስለመድኩት፤ ሰው ሁሉ ጎበዝ ልጅ አሳደግሽ አለኝ።

ሃያ ሁለት ጥያቄ ስመልስ ለምን እንደቸኮልኩ አሁን ገባኝ። ሐሺሽ የሚለውን ለመዝለል ስሮጥ ጥርሱንም ዘለልኩት። ቀስ ብዬ ብሄድ ኖሮ ጉንጩን ሲደግፍ እንደሰነበተ ትዝ ይለኝ ነበር።

ትናንት ለሐኪም ጥርሱን ነግሬያለሁ፣ መግሉ ይታከማል። ቀሪውን ብውጠው ማን ያውቃል? ይህንን ጠዋት ሙሉ አስቤበታለሁ፣ አልዋሽም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ወገቡን አጉብጠው ይይዙታል። ፈሳሹ ንጹሕ ይሆናል፣ «እንግዲያውስ ምን ይሆን?» ይሉና ሌላ ይፈልጋሉ። ድምፁ ላይ የሚሠራው መድኃኒት በግማሽ ይቆያል። ሲሻለው ቤት ይመጣል፣ ማንም አታጭስ አይለውም፣ እማዬ በር ላይ ቆማ ደሙ ነበር ትላለች። ከዚያ ሌላ ግድግዳ ያፈርሳል።

እማዬ ስለ ጎረቤቷ ባል ስታወራ የምትላት ነገር አለች፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በሽታውን የደበቀው ግን እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።

እነግራታለሁ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ጣልኩት ያልኩትን ዕቃ አልጣልኩትም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ከመቆጣጠሪያ ናሙናዎቹ ኋላ አለ። ናሙና ጥዬ አላውቅም። ለምን እንዳስቀመጥኩት ያኔ ራሴን አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ 15ኛ ቀን

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮዋ በር ላይ ቆሜ ነበር። ካፖርቷን ሳታወልቅ ነገርኳት። አቋርጬ ካረፍኩ አልጨርሰውም ብዬ ሁሉንም፣ ከሸሚዙ ኪስ እስከ ሁለቱ ብርጭቆ ውሃ። ዕቃውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። በረዶው እየቀለጠ ወረቀቷን አራሰው።

ዕቃውን አንስታ ቁጥሩን አነበበች።

«ለምን አልጣልሽውም?»

«ናሙና አልጥልም።»

«ውሸቱን ግን ጻፍሽ።»

«ጻፍኩ።»

ባልደረባዬን ጠርታ በእሷ ፊት እንዲመረምረው አደረገች። እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። አንድ መስመር። ለነርቭ ሐኪሙ ደወለች፣ ተያይዘው ሄደው ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ መረመሩት። አንገቱ አልደረቀም፣ ዓይኑ ደህና ነው፣ ሁሉም ደህና ነው። መርፌው ለጊዜው ቀረ፤ ጥርሱ ወጥቶ ቁጥሩ ካልወረደ እንደገና ይታያል። የድምፁን መድኃኒት ዛሬውኑ ከፍ አደረገችው።

ስትመለስ እንዲህ አለችኝ፦ «ጥናቴን ስላበላሸሽ አይደለም የተቃጠልኩት። እሱን ከመዝገቤ አንድ መስመር ሰርዤ እቀጥላለሁ። አንቺ የሰጠሽኝን ቁጥር ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ እንደማምን ታውቂ ነበር።»

ሠላሳዎቹን ሌሎች ናሙናዎች በሙሉ ባልደረባዬ ደግሞ ይመረምራቸዋል። አንድም ስህተት አያገኝም። ግን መመርመር አለበት፤ ልክ ናት።

ረቡዕ፣ 17ኛ ቀን

ጥርሱ ትናንት ወጣ። በብልቃጥ አድርገው ሰጡት፤ አሁን ለሚያየው ሁሉ «የቀበሩብኝ ሬዲዮ ይኼ ነው» እያለ ያሳያል። ሲቀልድ ነው ወይስ ከልቡ? ሲስተር ሁለቱንም ነው አለችኝ።

እኔ ደብዳቤዬን ተቀበልኩ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ከማሽኑ ተነሥቼ መስኮቱ ላይ ተመድቤያለሁ፤ ናሙና ተቀባይ፣ ስም ለጣፊ። እዚያ ያሉት ልጆች ገና ትናንት እኔ ያሠለጠንኳቸው ናቸው። አንዷ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። ዛሬ ማንም ሚዛኗ አላለኝም።

ለእማዬም ነገርኳት። ስለ እሱም ስለ እኔም። ለረጅም ጊዜ ቀሚሷን ስታስተካክል ቆየች። ከዚያ «እኔ እኮ ሽታውን አውቀው ነበር፤ አንቺ ዝም ስትዪ የሌለ መሰለኝ» አለች። አብረን አለቀስን። ሦስታችንም አንድ ቤት ውስጥ እያወቅን፣ አንዳችን ለሌላችን ስንል ደበቅን።

ሰኞ፣ 22ኛ ቀን

ዛሬ ጩጬ በግቢው አብረን እየተራመድን አወራኝ። ተነፋፍቀን ነበር። መድኃኒቱ እጁን ትንሽ ያንቀጠቅጠዋል እንጂ ዓይኑ የሱ ዓይን ነው። ለዶክተሯ ሁሉንም እንደነገርኳት ነገርኩት፣ ይቅርታ አድርግልኝም አልኩት። ለረጅም ጊዜ የረገጥነውን ንጣፍ እያየ ሄደ፤ አሠራሩን እየተቸ መሰለኝ።

«እትዬ፣ የመጀመሪያ ቀን ዶክተሯ ብቻዬን ሳለሁ መጥታ ጠይቃኝ ነበር። ታጨሳለህ አለችኝ። ልነግራት ነበር። ከዚያ ቅጹን አየችና እህትህ የለም ብላለች አለችኝ። እኔ ያን ቀን የቱ እውነት የቱ ውሸት እንደሆነ አላውቅም ነበር። እትዬ የለም ካለች የለም ማለት ነው ብዬ ተውኩት።»

ቆም አልኩ። እሱ ትንሽ ሄዶ መቅረቴን ሲያይ ተመልሶ መጣና ክንዴን ያዘኝ። እኔን ሊያጽናና!

«እትዬ የለም ካለች የለም» ያለውን እስክሞት አልረሳውም። ልረሳውም አልፈልግም።

ሰኞ፣ 29ኛ ቀን

ሁለት ነጥብ ስምንት። ዶክተሯ ራሷ መስኮቱ ድረስ መጥታ ነገረችኝ። አመሰገንኳት። ድምፆቹስ አልኳት፤ ከቁጥሩ ጋር አብረው አልወረዱም አለች። እሱን ስጠይቀው፣ አሉ፣ ግን አሁን ሌላ ክፍል ገብተው በሩን ዘግተዋል ይላል።

የቱ ነበር ጥፋተኛው ብዬ ጠየቅኳት፣ ጥርሱ ነው፣ ሐሺሹ ነው ወይስ የዘር ነገር? ተቆጣችኝ ማለት ይቻላል። ጥርሱ አመመው፣ ለሕመሙ አጨሰ፣ እንዲያም ሆኖ ሕመሙ አላስተኛ አለው፣ ሳይተኛ ሠራ፣ ምናልባት ከመጀመሪያውም ሊመጣ ያለ ነገር ነበር። ደሙ የነገረኝ የሆነ ቦታ እሳት እንዳለ ብቻ ነው፤ ማን እንደለኮሰው አልነገረኝም አለች። ከዚያ የምታውቀውን አንድ ነገር በጣቷ ጠረጴዛዬን እየመታች ነገረችኝ፦ ካጨሰ በሽታው የመመለሱ ዕድል ይጨምራል። እሱ ላይ እንሥራ።

እንሥራ። ይህቺን ቃል ወደድኳት። ሥሪ አላለችኝም።

ቅዳሜ፣ 41ኛ ቀን

እቤት መጣ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀው ነበር። ጎረቤቷ በአጥሩ ብቅ ብላ ደሙ ዳነ ወይ አለቻት። እማዬ «ደሙ ድኗል፣ ማጨሱን ደግሞ እያስተውነው ነው» አለቻት፣ ቀና ብላ። ሴትዮዋ የምትለው ጠፍቷት ገባች።

ጠዋትና ማታ መድኃኒቱን በፊቴ ይውጣል። ማክሰኞ ማክሰኞ ለማቆም ከሚታገሉት ጋር ይሰበሰባል። ጢሞም ውሃ ልኩን ወሰደ፤ እቤት ሲመጣ ኪሱን በር ላይ ራሱ ገልብጦ ያሳያል። ውሸታም ብዬው ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ሰኞ፣ 57ኛ ቀን

የሁለት ወር ምርመራው ቀን። ደም ሊሰጥ ባልደረባዬ ጋ ገባ። ሽንቱን ደግሞ እኔ መስኮት ላይ ያስረክባል፤ ሥራዬ ነው፣ ስም ለጥፌ ወደ ውስጥ አሳልፋለሁ።

ዕቃውን ይዞ ወረፋ ጠበቀ፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ተራው ሲደርስ በመስኮቱ አጎንብሶ «እትዬ፣ አንድ መስመር ነው የሚወጣው። ሐሙስ አጨስኩ። አንድ ጊዜ» አለኝ።

ዕቃው በእጄ ላይ ሞቃት ነበር። ከኋላዬ ሽንት ቤቱ አለ፤ ከጎኔ ባዶ ዕቃዎች በመደዳ ተደርድረዋል። ሁለት ብርጭቆ ውሃ የትም አይጠፋም። ይህን ሁሉ በአንድ ቅጽበት አሰብኩ፤ ያላሰብኩ መስዬ አልጽፍም።

«ለምን?» አልኩት።

«ሥራ ሊሰጠኝ የነበረው ሰው ግድግዳውን እንዳፈረስኩ ሰማ። ማክሰኞ ለነሱ እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን ላንቺ።»

ስሙን ለጠፍኩበት፤ ዛሬ ቁጥር አልነበረውም፣ ሙሉ ስሙ ከነአባቱ። ወደ ውስጥ አሳለፍኩት። ከዚያ ቅጹን ስጠኝ አልኩት። ያው ሃያ ሁለት ጥያቄ ነው፣ ከታች «መረጃ የሰጠው የቅርብ ቤተሰብ» የሚል ቦታ አለው። ወረፋው ላይ የነበሩት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ከአንደኛው ጀመርኩ። ትኩሳት? የለም። ሳል? የለም። ጥርስ? «አፍህን ክፈት» አልኩት፤ በሰው ሁሉ ፊት በሰፊው ከፈተ። የለም። ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ።

ሐሺሽ ወይም ሌላ ዕጽ የሚለው ላይ ስደርስ «አዎ» ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን ጻፍኩ። ከዚያ ቅጹ ያልጠየቀኝን ከጎኑ ጨመርኩበት፦ ራሱ ነው የነገረኝ።